ሦስቴ ተጠርቷል

እኔ ሾፌር ነኝ። ሚኒባስ ስነዳ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ተራ ላይ ያሉት ሾፌሮች "ጡሩምባ" ነው የሚሉኝ፣ እጄ ከጡሩምባው ላይ አይነሳም ብለው። ታዲያ ምን ላድርግ? ድሮ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ ግራ ቀኙን ያይ ነበር፤ ባያይ እንኳ ይሮጥ ነበር። የዛሬው ሰው ስልኩን ደረቱ ላይ ደቅኖ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ አስፋልት መሀል ቆሞ ብቻውን ይስቃል። ጡሩምባ ስነፋበት ደግሞ የሚያየኝ ጥፋቱን እንዳወቀ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከጥሩ እንቅልፍ እንደቀሰቀስኩት አድርጎ ነው የሚገላምጠኝ። አንድ ቀን አንዱን፣ መስኮት ዝቅ አድርጌ፣ "ወንድሜ፣ እናትህ ካንተ ሌላ ልጅ አላት?" ብለው "ምን አገባህ" ብሎኝ እያየ ሄደ። ስልኩን እያየ ነው የምላችሁ።

ይህን የማወራው ራሴን ለመካብ አይደለም። ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ብታውቁ እንዲህ አትሉኝም ነበር።

እናቴ ጆሮዋ አይሰማም። ከተወለደች ጀምሮ ነው። ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የምልክት ቋንቋ አልተማረችም፤ የእኛ ቤት ቋንቋ የራሳችን ነው፣ እሷ ጀምራው እኔና እህቴ የጨመርንበት። እህቴን ስትጠራት የራሷን ጉንጭ ቆንጠጥ ታደርጋለች፣ ልጅ ሆና ጉንጫም ስለነበረች። እኔን ስትጠራኝ ቅንድቧን ትቋጥራለች። ከአንቀልባ ሳልወርድ ጀምሮ ኩርፊያም ነበርኩ አሉ። በዚህ ቋንቋ እጅ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ሌላው ፊት ላይ ነው። "ሂድ" እና "ሂድልኝ ወዲያ" እና "ትሄዳለህ እንዴ ሆዴ?" ሁሉም አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ናቸው፤ የሚለያቸው ቅንድብና ከንፈር ነው። በዚህ የተነሳ እኛ ቤት ውሸት አይሠራም። ልጆች ሳለን ልንዋሽ ስንፈልግ ጀርባችንን ሰጥተናት ዕቃ የምንፈልግ እንመስል ነበር። እሷም ትከሻችንን ይዛ ታዞረን ነበር።

ከቤት ስንወጣ ጆሮዋ እኔ ነኝ። ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ፣ ሱቅም ቢሆን፣ ቀበሌም ቢሆን፣ ሐኪም ቤትም ቢሆን። የሚናገረውን ሰውዬ አታየውም፤ የምታየው እኔን ነው። የማታውቀውን ሰው ፊት ማንበብ ያደክማታል፤ የእኔን ግን በቃሏ ነው የምታውቀው። ስማችን ሲጠራ እጄን ሳላነሳ እሷ ከወንበሯ ተነስታ ቦርሳዋን ይዛለች። ሰዉ ሁሉ "ውይ፣ እንዴት ሰማች?" ይላል። እኔም ልጅ ሆኜ በዚህ እኮራ ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ እናቴ ከበር መቃን ጋር መጋጨት ጀመረች። ብርጭቆ ጠረጴዛ ዳር ላይ አስቀምጣ ትለቃለች፣ ብርጭቆው መሬት ላይ ነው። እህቴ ጫማዋ ነው ብላ አዲስ ጫማ ገዛችላት። እኔ ዕድሜ ነው አልኩ። መጨረሻ ላይ ወስጄ ያስመረመርኳት ጊዜ ዶክተሯ፣ ልጅ እግር ናት፣ የዓይን ግፊት ነው አለችኝ። ዓይኗ ከዳር ወደ መሀል እየተዘጋ ነው የመጣው። ከዚያ አንድ ወረቀት አንስታ ቱቦ አድርጋ ጠቀለለችና ዓይንህ ላይ አድርገህ እናትህን እያት አለችኝ። አየኋት። አንድ ዓይኗና አፍንጫዋ ብቻ ናቸው የገቡልኝ፤ እጇን ለማየት ቱቦውን ዝቅ ሳደርግ ደግሞ ፊቷ ጠፋ።

ዶክተሯ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በቀዶ ጥገና ማቆየት እንደሚቻል ነገረችኝ። ካልተደረገላት ያም ቀዳዳ ይዘጋል። እስቲ አስቡት። ለእናንተ መታወር ማለት አለማየት ነው። ለእናቴ ግን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጠፋ ማለት ነው። እጄን ካላየች፣ ፊቴን ካላየች፣ እኔ እንዴት ነው "እማዬ፣ ደህና ነሽ?" የምላት? እህቴ ስትሰማ አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አላውቅበትም፤ ከዶክተሯ ክፍል ስወጣ በሩን ደረገምኩትና ደረጃው ላይ ቆሜ ከዘበኛው ጋር ያለ ነገር ተጣላሁ።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ትልቁ ሐኪም ደግሞ የዚህ ሆስፒታል ሰው አይደሉም። በስድስት ወር አንዴ መሣሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አምስት ቀን፣ በቀን ስልሳ ሰው ያያሉ። እሳቸው አይተው የመረጡት ብቻ ነው የሚሠራለት። ለእኛ የመጨረሻው ቀን ደረሰን፤ አርባ ሰባት ቁጥር። ወጣቷ ዶክተር ወረቀቱን እየሰጠችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለዚህ ዓይን ስድስት ወር ረጅም ነው፣ እንዳያመልጣችሁ አለችኝ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

የቀጠሯችን ዕለት መኪናዬን ለእህቴ ባል ሰጠሁት። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ መሪዬን ለሰው ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። የእህቴ ባል ደግ ሰው ነው፣ አላማውም፤ ሲነዳ ግን ማርሽ የሚያስገባ ሳይሆን ከማርሹ ጋር ትግል የገጠመ ነው የሚመስለው። ቁልፉን እየሰጠሁት፣ ሦስተኛውን በኃይል አታስገባው፣ ፍሬኑ ይጮኻል አትደንግጥ፣ የኋላውን በር በእርግጫ አትዝጋ አልኩት። እሺ እሺ አለኝ። እሺ የሚያበዛ ሰው አላምንም።

የሆስፒታሉ አዳራሽ ረጅም ነው። ወንበሮቹ በብረት የተቀጣጠሉ ስለሆኑ አንዱ ጫፍ ላይ ያለ ሰው እግሩን ሲያወዛውዝ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው ላይ "የስልክዎን ድምፅ ያጥፉ" የሚል ተለጥፏል። አጥፍተዋል፤ ድምፁን። ስልሳ በሽተኛ፣ ስልሳ አስታማሚ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ዝም። አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሸገ ሰውዬ እንኳ በቀረችው አንዷ ስልኩን ያያል። እኔ እንዲህ ያለ ዝምታ አልወድም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ያወራል።

ጠዋት ነርሷ በሩን ከፈተችና ሥርዓቱን ተናገረች። ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ቀጥኗል። እያንዳንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ እጠራለሁ፣ ሦስቴ ተጠርቶ ያልተነሳ አልፎታል፣ ወደኋላ የምንመለስበት ጊዜ የለንም አለች። ለእናቴ አስረዳኋት። ሦስት ጣቴን አሳየኋት፣ ከዚያ እጄን ወደኋላ ወረወርኩ። ገባት። ወንበሯ ላይ ወደ እኔ ዞር ብላ ተቀመጠች። በሩን ትታ እኔን ማየት ጀመረች።

መቀመጥ ለእኔ በሽታ ነው። ሾፌር ተቀምጦ ይውላል ትላላችሁ፤ አዎ፣ ግን ዓለም ወደኋላ እየሄደችለት ነው። እዚህ ምንም አይሄድም። ተነሳሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ተቀመጥኩ። እግሬን አወዛወዝኩ፣ ከዳር ያሉት ሴትዮ ተቆጡኝ። ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ሳልፈልግ። ፊት ለፊታችን ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ በአውራ ጣቱ ስልኩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ይገፋል፤ ምን እንደሚፈልግ እንጃ፣ አያገኘውም። እንደሱ አንገቴን ደፍቼ አውራ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ ለእናቴ አስመሰልኩላት። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከጎናችን ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሁለት ጆሮዋ ውስጥ የስልክ ማዳመጫ ሽቦ የከተተች። አባቷ ዓይናቸው ላይ ፋሻ አለ፤ ትከሻዋን ተደግፈው አንቀላፍተዋል። ጉልበቷ ላይ የተቀመጠው ወረቀት ስልሳ ይላል። የመጨረሻዎቹ እነሱ ነበሩ።

አርባ አምስት ቁጥር ገብቶ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። የእህቴ ባል ነው። "ፍሬኑ ሲያዝ ይጮኻል፣ ሁልጊዜ ነው?" ይላል። ነግሬሃለሁ አይደል ብዬ ጻፍኩለት። "ሦስተኛው አልገባ አለኝ" ብሎ ላከ። ደሜ ፈላ። በዝግታ፣ ክላቹን እስከ መጨረሻ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ባሰብኝ። "ገባልህ?" አልኩት። መልስ የለም። መኪናዬ መሀል መንገድ ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ ሰው ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋባት ታየኝ። ስልኩን ከእጄ ማስቀመጥ አቃተኝ፤ ልክ እንዳስቀመጥኩት መልሱ የሚመጣ ይመስለኛል።

መልሱን ስጠብቅ ጣቴ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አንድ ቪዲዮ መጣልኝ። ሰውዬ ስልኩን እያየ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ክፍት ቦይ ውስጥ ጥልቅ። ሳቄን ማፈን አቃተኝ። ይበልህ አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ አንዷ ስልኳን እያየች መስታወት በር ውስጥ በግንባሯ ገባች። ቀጥሎ አንዱ ከምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ምሰሶውን ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ዓይነቱን ብቻ የሚሰበስብ ሰው አለ ለካ፤ እግዜር ይስጠው፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምጮኸውን ያየልኝ ሰው አገኘሁ አልኩ። አንዴ ቀና ስል እናቴ ፊቴን እያየች ነው። ስለሳቅኩ ሳቀች። በኋላ አሳይሻለሁ አልኳት በእጄ፣ ተመልሼ ገባሁበት። ስልኩን እያየ ቁልቁለት በብስክሌት የሚወርደውን ብቻ አንድ አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ "ሃምሳ አንድ" የሚል ድምፅ ገባ።

መጀመሪያ ቁጥሩ አልገባኝም። ቀጥሎ ወረቀታችንን አየሁ፣ አርባ ሰባት። እንዴት ተነስቼ በሩ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። አርባ ሰባት ነን፣ አርባ ሰባት አልተጠራም አልኳት ነርሷን። ዝርዝሩን አሳየችኝ። አርባ ሰባት ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። "ሦስቴ ተጠርቷል" አለችኝ።

ያን ጊዜ ጡሩምባዬን ነፋሁት። ሰው በላ ናችሁ አልኩ። ድምፅሽ አይሰማም፣ ስክሪን የላችሁም፣ ማይክ የላችሁም፣ ሰው ነው ወይስ ከብት የምትጠሩት አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው አንገት ሁሉ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። አንዱ እንዲያውም ስልኩን አንስቶ ይቀርጸኝ ጀመር። ነርሷ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ስሏን ሳለችና ጨርሰሃል ወይ አለችኝ።

"እናቴ አትሰማም" አልኳት።

"እሷ ባትሰማ አንተ ትሰማለህ" አለችኝ። "ስጠራ እዚያ ተቀምጠህ ስትስቅ አይቼሃለሁ። አርባ ሰባት አንተ መሆንህን አላወቅኩም እንጂ።"

ከዚያ መለመን ጀመርኩ፤ ስድስት ወር አትቆይም፣ ዓይኗ ሲጠፋ ከሰው ጋር የምትነጋገርበት ነገር አይኖራትም አልኳት። ነርሷ ክፉ ሰው አይደለችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ሐኪሙ ስልሳኛውን እንደጨረሱ ይሄዳሉ፣ መኪና እየጠበቃቸው ነው፣ ስልሳ አንድ የሚባል ነገር አይሰሙኝም አለች። ግን ከቀሩት ውስጥ ሦስቴ ጠርቼው የማይነሳ ካለ፣ በእሱ ቦታ እናትህን አስገባለሁ፤ ሄደህ ተቀመጥ አለችኝ።

እናቴ ከሩቅ ፊቴን አይታዋለች። ምንድነው አለችኝ። ገና ነው፣ ዘግይተዋል አልኩና ውኃ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ጎን ዞርኩ። ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ። ነገርኳት። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት፣ ስልክ እያየሁ ነው፤ ከቀሩት ተጠርቶ የማይነሳ ካለ በእሱ ቦታ ያስገቡሻል አልኳት። እንድትቆጣኝ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን እጆቿን ቀስ ብላ አነሳች።

"አንዴ በሩ ጋ ሰው የቆመ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "ግን በሩን ካየሁ አንተን አላይህም፤ ሁለታችሁ አብራችሁ አትገቡልኝም። አንተን አየሁ። ስትስቅ ሳይ ገና ነው አልኩ።"

እጄን መታ መታ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ለጠላቴም አልመኘውም። ዘጠኝ ሰው ቀርቷል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንገቱን የደፋ ሰው ስሰድብ የኖርኩት ሰውዬ ቁጭ ብዬ፣ አንገታችሁን ድፉልኝ፣ እባካችሁ ቀና አትበሉ እያልኩ ስለት የምሳል ሆንኩ። ሃምሳ ሁለት ብላ ሳትጨርስ አንዷ እመር ብላ ተነሳች። ሃምሳ ሦስት በሩ ሥር ቆሞ ነበር የሚጠብቀው። የእኔ ጩኸት ሰዉን ሁሉ አንቅቶታል መሰለኝ፤ በገዛ ጡሩምባዬ። ሃምሳ አምስት ኮፍያው ሰውዬ ነው። አንዴ ተጠራ፣ አልሰማም። ሁለቴ ተጠራ፣ አውራ ጣቱ ይገፋል። ከጎኑ ያለው ሽማግሌ በክርናቸው ጎሰም አደረጉት፣ ተነስቶ ሮጠ። እኚህ ሽማግሌ ምን አገባቸው አልኩ። ሰው ጠላሁ። በሕይወቴ ያላየሁትን፣ ምንም ያላደረገኝን ሰው ጠላሁ። ሃምሳ ስምንት አልነበረም፤ በሦስተኛው ጥሪ ሱሪውን እያስተካከለ ከሽንት ቤት ደረሰ። እኔም ቁጭ ብድግ እያልኩ ወንበሩን ሁሉ አንቀጠቀጥኩት።

ሃምሳ ዘጠኝ ሲገባ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ነበር። የቀሩት ከጎናችን ያሉት ናቸው። አባትየው አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ልጅቷ ሽቦዎቿ ጆሮዋ ውስጥ ናቸው፣ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር እያየች ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። የሚጎስማት ሰው የለም። ከእኔ ሌላ።

በሩ ተከፈተ። "ስልሳ" አለች ነርሷ።

ልጅቷ አልሰማችም። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከእግሬ ሥር ያሉትን ንጣፎች መቁጠር ጀመርኩ። ምንም አላደረግኩም እኮ፣ ተቀምጬ ነው ያለሁት፣ መቀመጥ ወንጀል ነው? ስልክ ላይ የተደፋችው እሷ ናት፣ ለእኔ ማን ነገረኝ? ሕጉ ሕግ ነው። አባትየው ደግሞ ይሰማሉ፤ ቢታወሩ እንኳ ልጃቸው "አባባ" ስትላቸው ይሰማሉ። ይህን ሁሉ አስቤያለሁ፣ አልክድም።

"ስልሳ" አለች ነርሷ፤ ድምፅዋ ተሰነጣጠቀ። አዳራሹን ቃኘች። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቆም አለ። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። ቀና አልኩ። ፊቴን እያየች ነው። ለስንት ጊዜ ስታየኝ እንደቆየች አላውቅም፤ መደበቅ ረስቻለሁ። ያን የወረቀት ቱቦ በምታህል ቀዳዳ ውስጥ የእኔ ፊት ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የለም። ምን ተጽፎበት እንደነበር አልነግራችሁም፤ እኔ አላየሁትም። ዓይኔ ሳልፈልግ ወደ ልጅቷ ሾለከ። እናቴ ዓይኔን ተከትላ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ አዞረች። ጨለማ ቤት ውስጥ ባትሪ ይዞ እንደሚፈልግ ሰው ነው የምትፈልገው፤ መጀመሪያ የልጅቷን ጉልበት አገኘች፣ ወረቀቱን፣ ሽቦውን፣ ጆሮዋን። ከዚያ በሩን። ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ አፏን ስትከፍት አየቻት።

ክንዷን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ላስቀራት ነው ወይስ ላግዛት ዛሬም አላውቅም። አልደረስኩባትም። ተነስታ፣ በወንበሩ ብረት ተደግፋ፣ ሽቦውን ከልጅቷ ጆሮ ጎትታ አወጣችው። ድምፅም አወጣች። እናቴ ሰው ፊት ድምፅ አታወጣም፤ ልጅ ሆና ሲስቁባት ጊዜ ትታዋለች፣ እኔ ራሴ ከሰማሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከጉሮሮዋ ወፍራም ድምፅ ወጣ፣ ጣቷም በሩን አሳየ። ልጅቷ ደነገጠች፣ በሩን አየች፣ ወረቀቷን አየች። "አባባ፣ አባባ ተነስ" ብላ እየጎተተች አስነሳቻቸው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና፣ እናቴን የላክኋት እኔ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ለእኔ እጅ ነሳች።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለችኝ።

በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ብቅ ብላ እናቴን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ለሚቀጥለው ዙር አንደኛ ቁጥር አድርጌ እጽፋታለሁ አለችኝ። ስድስት ወር ነው አልኳት። አዎ አለች።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዷን ይዣታለሁ፣ ግን አላየኋትም። ግቢው በር ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል፣ ሁሉም እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቷል። እዚያው መሀላቸው ቆሜ በእጄ ጮህኩባት። ያንቺ ዓይን ነው እኮ አልኳት። ልጅቷ ራሷ ናት ያጠፋችው፣ አንቺ ምን አገባሽ አልኳት። እኔ ላጥፋ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ አንቺ ለምን ዝም ብለሽ አትቀመጭም አልኳት። እጄ በአየር ላይ ሲወራጭ የስንቱን ኮፍያ ሊጥል ነበር፤ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው የለም። እናቴ እጄ እስኪወድቅ ጠበቀች። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ሙሉው እስኪገባላት ድረስ ጥቂት ወደኋላ ራቀች።

"ስድስት ወር ረጅም ነው ብላሃለች ዶክተሯ" አለችኝ። "አልነገርከኝም፣ ግን የዚያን ቀን ፊትህ ላይ አንብቤዋለሁ።"

አንገቴን ልደፋ ስል አገጬን መልሳ ቀና አደረገችው።

"ሲዘጋ መጨረሻ ላይ የማየው አንተን ነው። እዚያ ውስጥ ግን ቅድም ያየሁት የልጄ ፊት አልነበረም። ያንን ይዤ አልጨልምም።"

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ፣ ደግሞ ነዘረ። አላወጣሁትም። እናቴ እጇን አውርዳ ቆመች፤ የምትናገረውን ጨርሳለች፣ አሁን እያየች ነው ያለችው። ቀጥ ብዬ ቆምኩላት። ፊቴን ላስተካክል ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፣ እንደገና ሞከርኩ።